የመንገድ ውሃ

ለውድ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። እጄ ለጽሑፍ ስለማይፈጥን ይህችን ወረቀት ከጀመርኳት ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፊደሌን አይተሽ አትሳቂብኝ። ኧረ ሳቂ፣ ሳቅሽ ናፍቆኛል።

ልጄ ሳቂታዬ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ለቅሶ መጥተሽ እንደ ሩቅ ዘመድ በር አጠገብ ተቀምጠሽ መሄድሽ አስከፍቶኝ ነበር። ግን አልፈረድኩብሽም። በሰርግሽ ቀን ምሳ ሳይቀርብ ልጄን ይዤ ውልቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኩሽ። አንቺም ንቃኝ ነው ብለሽ ሰባት ዓመት ቂም ያዝሽብኝ።

ራሴን አላመመኝም ነበር።

ልጄ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ እኔን አክሏል፤ አንገቷን ግን አትችልም፤ ዳይፐሯን የምቀይርላት አስተኝቼ ነው። የአዳራሹ መጸዳጃ ቤት በር ተሽከርካሪ ወንበሯን አላስገባ አለኝ። ተሸክሜ አስገባኋትና ለሰርግሽ የገዛሁትን ሻርፕ እርጥብ ወለል ላይ አንጥፌ አስተኛኋት። የተኳኳሉ ሴቶች እየተሻገሯት አለፉ። አንዷ፣ ይቺን ደግሞ እዚህ ምን አመጣት አለች። ልጄ እንደ ልማዷ ሳቀችላት። ያን ሳቅ አልቻልኩትም። ለሙሽራ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብዬ ዋጥኩትና ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የትም አልሄድንም። ለሕክምና የግድ ስንወጣ፣ መንገድ ላይ እንዳትረጥብብኝ ከዋዜማው ጀምሬ ውሃ እከለክላት ነበር። ከንፈሯ ሲደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አብስላታለሁ። እኔም አልጠጣም፤ እሷ ተጠምታ እንዴት ይወርድልኛል? ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከሞተች በኋላ ሐኪሟን፣ የገደላት የውሃ ጥሙ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። ሳንባዋ ነው እንጂ ውሃው አይደለም፣ እናት፣ ከልብዎ ያውጡት አለኝ። አመንኩት። ማውጣቱ ግን እንደ አፍ አይቀልም።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች ማኅበራችን አራት ዓመት ሲለምንለት የኖረው መጸዳጃ ክፍል መናኸሪያው ውስጥ ተሠራ። ልጄ ባትኖርም ከማኅበሩ አልቀረሁም፤ ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ? ሳይከፈት እዪልን ተብዬ ሄድኩ። በሩ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሰው አንስቶ የሚያወርድ ማሽን አለ፤ ከፍ ዝቅ የሚል አልጋም አለ። ፎርማኑ፣ እትዬ፣ ይሄ መጸዳጃ ቤት ነው ወይስ ሆቴል አለኝ። ሆቴል ቢሆንማ በዚህ ጭቃ ጫማህ ማን ያስገባህ ነበር አልኩት። ሠራተኞቹ በሳቅ ወደቁ።

ግን አልጋውን ከግድግዳ ጋር አጣብቀውታል። ግራና ቀኝ ሰው መቆም አለበት ስለው፣ ፎርማኑ አልጋ መቼም ግድግዳ ይዞ ነው ብሎ ሙግት ገጠመኝ። ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩበት። ልብሴ ረጥቧል፣ እጅ እግሬ አይታዘዝም፤ በል አገላብጠኝ አልኩትና ድርቅ አልኩለት። ሲገፋኝ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ፤ ሲስበኝ ልወድቅበት ሆነ። ላቡ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ከዚያ እጁን አንስቶ፣ ይህን ብቻዎን ነበር የሚሠሩት አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት አልኩት። በማግስቱ አልጋውን ክፍሉ መሀል ተተክሎ አገኘሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ተከፈተ። አንዲት እናት ጎረምሳ ልጇን በወንበር እየገፋች ገባች። ስትወጣ አጠገቤ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ጠርሙስ አውጥታ ውሃ ሰጠችው። ጠጣ፣ ጠጣ፣ አገጩ ላይ ፈሰሰ። ገና የአራት ሰዓት መንገድ አላቸው። በቃህ አላለችውም! እኔ ዓይኔን ከጠርሙሱ መንቀል አቃተኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እስኪነጋ ተኛሁ።

ቅዳሜ ልመጣ ነው፤ የሰርግሽን ምሳ እዳ እንዳትረሺ። ሻርፑን አጥቤ ተኩሼዋለሁ፤ እሱን ለብሼ ታይኛለሽ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ትልቁን የውሃ ጠርሙስ ገዝቻለሁ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ወገብሽንም ይማርልሽ፤ በሩን ስትከፍችልኝ ፊትሽን ያብራልኝ።

የሳቂታ እናት፣ ታላቅ እህትሽ