ገደሉ ባለቤት አለው

ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። ስልክሽን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። በስልክ ብጀምረው እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ እኔው አባባይ ሆኜ ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል። በደብዳቤ ግን አታቋርጪኝም። አስተማሪዋ ጎረቤቴ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች፤ አልደረሰኝም እንዳትዪ።

ወንዙ ዳር የነበሩት ትልልቅ ዛፎች ተቆረጡ። መንገዱ በዚያ ያልፋል ተብሎ በሦስት ቀን አለቁ። ማሽኖቹ የመጡ ዕለት መሐንዲሱ ፊት ቆሜ፣ "ዝንጀሮዎቹስ የት ይደሩ?" አልኩት። ሳቅ ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። "እሱን ባለሙያዋ መልሳዋለች።"

የባለሙያዋ ስም ያንቺ ነው።

አነበብኩት። በደረቁ አገር ዝንጀሮ ገደል ላይ ያድራል፤ ሜዳው ላይ ግንዱ ልሙጥ የሆነ ረጅም ዛፍ ይመርጣል፤ እኛ ጋ ደግሞ ነብር እንዳይደርስበት ወንዝ ዳር፣ ቅርንጫፉ ከፍ ብሎ የሚጀምር ዛፍ ላይ ይወጣል። ልክ ነው። ግማሹን የሰማሽው ከእኔ ነው። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት መስመር አለች፦ "በአቅራቢያው ገደል ስላለ፣ ዛፎቹ ቢነሡ መንጋው ወደዚያ ሊዛወር ይችላል።"

ሊዛወር ይችላል! ምን ቆርጦሽ ጻፍሽው? አንቺ ለጥናቱ እዚህ የቆየሽው አሥራ ሁለት ቀን ነው። እኔ ይህን ደን ስጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመቴ። የመጨረሻዋ ቀን ኮምፒውተርሽ ላይ እንዳቀረቀርሽ፣ "ያ ገደል ባለቤት አለው፤ ሌላ መንጋ ያድርበታል፣ የእኛዎቹን አያስጠጓቸውም" አላልኩሽም? ምን አልሽኝ? "እሺ እማዬ።" ቀና እንኳን አላልሽም። የነዝናዛ ሰው ማባረሪያ እሺ።

የሆነውን ልንገርሽ። በሦስተኛው ቀን ዝንጀሮዎቹ ምግብ ሲለቅሙ ውለው አመሻሹ ላይ መጡ። ዛፍ የለም። ጉቶዎቹ ላይ ተቀምጠው ዙሪያውን ያያሉ። ሽማግሌው ዝንጀሮ ተነሥቶ ወደ ገደሉ መራቸው፤ እኔም ከሩቅ ተከተልኩ። ገና ሳይደርሱ የገደሉ መንጋ እየጮኸ ወረደባቸው። የሽማግሌው ክንድ እስከ አጥንቱ ተዘነጠለ። ተመልሰው ከእኔ ቁመት እምብዛም በማይበልጡ ለጋ ዛፎች ላይ ተቃቅፈው አደሩ። ጠዋት ስሄድ ሁለት ጎድለዋል፤ ከሥር የነብር ዱካ አለ። አንዷ ጆሮ ቆራጣዋ ናት፣ ፎቶዋን አንስተሽ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍሽልኝ። ልጇ ቀኑን ሙሉ እዚያው እየተመላለሰ ሲጮህ ዋለ። አንጀቴን በላው።

አሁን ከወንዙ መታጠፊያ ማዶ አሥራ አንድ ዛፎች ቀርተዋል። መንጋው ያገኘው መጠጊያ እነሱ ናቸው። ሰኞ ሳምንት እነሱም ይቆረጣሉ። መሐንዲሱን ሄጄ ለመንኩት። "እማማ፣ የእርስዎ ቃል የባለሙያ ቃል አይደለም። የጻፈችው ራሷ ካስተካከለችው አቆማለሁ" አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን ማድረግ ያለብንን ነግሮኛል።

ስለዚህ ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊ። ለእኔ አይደለም፤ እኔን ሌላ ቀን ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ። ለመሐንዲሱ መሥሪያ ቤት ጻፊ፣ ስምሽንም ከታች አድርጊበት። ማፈር ካለብሽ እፈሪ፤ ሰው በዚህ አይሞትም።

እኔም የደበቅኩሽ ነገር አለ። ማሽኖቹ የመጡ ዕለት የደኑ በር ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። አለቃዬ ራሱ ካላዘዘኝ አልከፍትም ማለት እችል ነበር። ግን ስምሽን፣ ከፊቱ "ዶክተር" የሚለውን ሳየው፣ የገደሉን ነገር እያወቅሁ፣ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች ብዬ ከፈትኩላቸው። እንዲያውም መሐንዲሱን "ልጄ እኮ ናት" አልኩት። ኮርቼ!

በይ፣ ፈጣሪ ቀናውን ያሳይሽ፤ ሰው ፊት አያሳፍርሽ፣ ካሳፈረሽም ለበጎ ያድርግልሽ። ብርዱን አትናቂው፣ ደርበሽ ልበሺ። ሰኞ ሳምንት ጠዋት እኔ ከዛፎቹ ሥር ነኝ። ወረቀትሽ ቢቀድመኝ ይሻላል፤ ባይቀድመኝም ከዚያ አልነሣም።

እናትሽ