የዳማ ብርድ ልብስ

ታኅሣሥ 2፣ 1972 ዓ.ም.፣ ጠዋት 12፡30
ፈረሶቹ፣ ቦራ እና ዳማ፣ አገዳቸውን በልተዋል። ውኃውን ለብ አድርጌ አጠጣኋቸው። ከዞብል ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ ጨክኗል። አጎቴ ይማም ለሕክምና ደሴ ሲሄዱ ሁለቱንም ፈረሶች ለእኔ አደራ ሰጡ። "ከብርድ ጠብቅልኝ። ደሞ ዳማ የኮርቻ ፈረስ ነው፣ ጭነት እንዳታሳየው" አሉ። ወላሂ ብዬ ማልኩ። ቀላል መሐላ መስሎኝ!

ታኅሣሥ 6
ደብተሬ፣ ጫንኩት። ማሽላችን አውድማ ላይ ነበር፣ ሰማዩ ደመነ። አህያ የሚያከራየው ሰው ሁለት ቀን ታገሥ አለኝ። እኔ ደግሞ መታገሥ የት አውቄ! ቦራ ያነክሳል። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሳ፣ ሁለት ጆንያ ዳማ ላይ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ዝናቡም አልዘነበ።

ታኅሣሥ 7
ጀርባው ተልጧል፣ መዳፌን ያህላል። የጭነት ፈረስ ሲሆን ገጣባ ይሉታል። የአጎቴን ዳማ፣ ገጣባ! የራሴን ብርድ ልብስ አለበስኩት። ለብርዱ ነው አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

ታኅሣሥ 11
ለማስተማር ወደ ት/ቤት ስወጣ ጎረቤታችን እማማ ፋጡማ ብርድ ልብሴን ዳማ ላይ አይተው መረቁኝ። ለሰው ልጅ እንኳ እንዲህ አይታዘንም አሉ። አሚን አልኩ። በዚች ምላሴ።

ታኅሣሥ 15
የገ/ማኅበር ስብሰባ። ሊ/መንበሩ አስነሥተው በእንስሳት አያያዝ አርአያ ነው አሉኝ። ተጨበጨበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አፍሬ መቀመጥ ሲገባኝ እጅ ነሣሁ። ይባስ ብዬ ስለ ለብ ያለ ውኃ አስረዳሁ።

ታኅሣሥ 17
ብርድ ልብሱ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። በጨው ውኃ እያራስኩ ሳላቅቀው ዳማ አልረገጠኝም። ቢረግጠኝ በወደድኩ። ዞሮ ትከሻዬን አሸተተ። ቁስሉ መግል ይዟል። ባለቤቴ ዘይነብ አየች። አየር ያግኝ፣ ልብሱን አውልቅለት አለች። ሰው ያየዋላ! አልኳት። ምሳ አቀረበች፣ አብራኝ አልበላችም። መልሼ አለበስኩት።

ታኅሣሥ 19
ከደሴ መልእክት መጣ። አጎቴ ድነዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ነገ በአውቶቡስ ይገባሉ። ዳማን ይዘህ ጠብቀኝ፣ ቤቴ የምገባው በእሱ ነው ብለዋል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው የዳማ ጀርባ ትዝ አለኝ። ዳማ ታሟል ልበል? ኮርቻ ባደርግበትስ? ኮርቻው ቁስሉን ይሸፍናል፣ እሳቸውም ይቀመጡበታል። ይህንንም አሰብኩ። ደብተሬ፣ ይህንንም ያዝልኝ።

ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ብርድ ልብሱን ገፍፌ ለዘይነብ ሰጠኋት። ልታጥበው ይዛ ሄደች። ኮርቻም የለ፣ ልብስም የለ። ዳማ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆሟል። በጓሮ በኩል ሰው የማያይበት መንገድ አለ። በገበያው መሀል ነው የምወስደው። ያጨበጨቡልኝም ይዩት። ለአጎቴ የምለውን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከብርድ ጠብቄዋለሁ፣ ግን... እያልኩ እጀምራለሁ። ግን የለም። ጫንኩት፣ ደበቅኩት፣ ነው የምለው። የአውቶቡስ ጡሩምባ ሰማሁ። ቀድሞኝ ሳይደርስ ዳማን ይዤ ልውጣ።