በእኔ ቦታ የባለቤትዎን ወንድም ኮሪያ ስለላኩልኝ

ለተከበሩ ዶክተር አምደሚካኤል፣
የዩኒቨርሲቲያችን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በእጅጉ ያስፈልግዎታልና።

ማኅደር ገብረሃንስ እባላለሁ፤ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውኃ ከፍሎራይድ የሚያጠራ፣ በዓይን ከማይታዩ የናኖ ቅንጣቶች የተሠራ ማጣሪያ ለመፈልሰፍ ሁለት ዓመት ለፍቻለሁ። የአጎቶቼን ጥርስ ያበላሸው ያ ውኃ ነው። ደቡብ ኮሪያ የሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ ሥራዬን ወድዶ ለስድስት ወር የተማሪዎች ልውውጥ ሲጋብዘኝ፣ የጎደለኝ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር።

ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጉርድ ሾላ የሚገኘው ቢሮዎ አሥራ አንድ ጊዜ ስላመላለሰኝ። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ባሉኝ ቁጥር ሳቅዎ በበሩ በኩል ይሰማኝ ስለነበር፣ ሥራ ቢበዛብዎም ደስታ እንዳልራቀዎት አውቄ ተጽናንቻለሁ።

2ኛ. በመጨረሻ ስገባ ናኖ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀውኝ፣ እጅግ በጣም ትንሽ ነገር መሆኑን ባስረዳዎ፣ «እንግዲያው ጉዳይሽም ትንሽ ነው፤ ይደርሳል» ስላሉኝ።

3ኛ. ስላደረሱት። «ማኅደር በጠና ታምማለች፤ ባልደረባዋ ይተካታል» ብለው ጽፈው፣ የምርምር ዕቅዴን አስይዘው፣ በሆቴል አስተዳደር የተመረቀውን የባለቤትዎን ታናሽ ወንድም ሄኒን ላኩት። እኔ የሰማሁት ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከለጠፈው ፎቶ ነው። እናቴ ወይዘሮ ሃረገወይን ያን ቀን መገናኛ ያለውን የመጋረጃ ሱቋን ዘግታ መጥታ እስኪመሽ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሄኒ ግን ጨዋ ልጅ ነው። በአራተኛው ቀን የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ስለ ሥራው አጥብቃ ብትጠይቀው፣ «እህቴ፣ ሕመሙ ተሻለሽ? ይቺ ግራፍ ምንድን ናት?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱን አላዘገየሁም፤ ብቻ የላክሁት ለእርሱ ሳይሆን ለፕሮፌሰሯ ነው፤ በየቀኑ የጻፍኩበትን የቤተ ሙከራ ደብተሬንና የእርሱን ጥያቄ አባሪ አድርጌ፣ ፍጹም ጤነኛ መሆኔንም ገልጬ። በሳምንቱ ሄኒ ተመለሰ፤ ከቢሮዎ ጋር የነበረው ስምምነት ተሰረዘ፤ ግብዣው በቀጥታ ለእኔ መጣ። ዓርብ እበርራለሁ።

እናቴ «ልጄ፣ አሁንስ ተይው፤ ለእግዚአብሔር ስጪው» ትለኛለች። ሰጥቻለሁ። ግልባጩን ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ደጅ መጥናትን ከእርስዎ የተማረች ተማሪዎ፣
ማኅደር ገብረሃንስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት እርስዎን ከመጥራቱ በፊት ትናንት ሄኒን ጠርቶ፣ ታምማለች የሚለውን ደብዳቤ ማን እንደጻፈ ሲጠይቀው፣ ሳያቅማማ የእርስዎን ስም እስከ አያትዎ ድረስ ጠርቶላቸዋል። እውነትም ዘመድ ለክፉ ቀን ነው።