ድንበሩ ላይ የካብነው ካብ

ውድ ወንድሜ፣ ካለህበት ድረስ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

ተዳፋቱ በዝናብ ተንዶ አፈሩ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ጓሮ ስለሞላው፣ ድንበሩ ላይ ካብ ሠራን። አባባ ድንጋይ እየመረጠ ካበ፣ ልብስ ሰፊው አቀበለው፣ እኔ የውሃ መውረጃ ቆፈርኩ። ከላይ ሣር ተከልንበት።

በማግስቱ ግን አባባን ካቡን ሲያፈርስ አገኘሁት። «ማነው ድንበራችን ላይ ድንጋይ የከመረው?» ብሎ ጮኸብኝ። ልብስ ሰፊው ሰምቶ መጣና፣ «እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይቅርታ። ይምጡ፣ አብረን እናስተካክለው» አለው። እንደገና ካቡት።

አንተ ሳትሄድ አባባ «ጉልበት ሳለኝ አብረን እንካበው» እያለ ሲለምነን፣ ነገ ከነገ ወዲያ እያልን ማለፋችን ይቆጨኛል። ስትደውልለት መጀመሪያ ስምህን ንገረው። እረፍትህንም ለከርሞ አታቆየው።

የምትሳሳልህ እህትህ