ቶይባ የሳለችው ማንጎ

ከሚሴ፣ ግንቦት 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ጅዳ ላለሽው ለእህቴ ለዓፊያ። አሰላሙ ዓለይኩም፤ አካም ጅርታ እታለም? እኛ አልሐምዱሊላህ ሰላም ነን፤ የጨፋ ማሽላም በቅሏል።

ታፔላ መጻፌን አልተውኩም። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጁስ ቤት ማንጎ ስስል ባለቤቴ ቶይባ መጥታ ቆመች።

«ሙሀመድኑር፣ ማንጎውን ለምን ቡናማ አደረግከው?» አለችኝ።

«የበሰለ ማንጎ እንዲህ ነው!» ብዬ ተቆጣኋት።

ምሳ በልቼ ስመለስ በላዩ ቀብታበት ደረስኩ። ከገበያ ማንጎ ገዝታ፣ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ እያየች ነው የሳለችው። አስተማሪ የላት፣ ብሩሽ ይዛ አታውቅ! መንገደኛው ሁሉ ቆሞ «ማሻ አላህ!» ይላል። እኔ ግን ተጠግቼም የሚያደንቁት አልታየኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። ሃያ ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ከሰዓት ወሰደችብኝ። ከደጃፋችን ሆና ከሩቅ የሚመጣውን የሰንበቴ ከተማ መኪና ታርጋ ስታነብ እንኳ ያናድደኛል። ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

በአራተኛው ቀን የጁስ ቤቱ ባለቤት ሌላ ታፔላ ሊያሠራ መጥቶ «ቶይባ አለች?» አለኝ። እያንገሸገሸኝ ብሩሹን ሰጠኋት።

«አንተስ?» አለች።

«ቀለም እበጠብጥልሻለሁ።»

ቶይባ የቀለም ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አንስታ፣ «ይኼ ቀዩ ነው፣ ይኼ አረንጓዴው» እያለች እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ፊደሌ ስለተለቀ አትሳቂብኝ። ለረመዳን ስትመጪ ከመኪና ወርደሽ ዝም ብለሽ አትቁሚ፤ ጮክ ብለሽ በስሜ ጥሪኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ሙሀመድኑር