በሞቴ የማይል ሰው

ማክሰኞ፣ የካቲት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

መርፌ ተሰበረ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛው። እዚህ ሆላንድ፣ ስኪዳም ከተማ የተከራየናት የስፌት ክፍል በእንፋሎት ታፍናለች፤ ሸሪኬ ጽጌ እየተኮሰች ታጉረመርማለች። ዛሬ የዳቦ ቤቱን ሽርጦች እንጨርሳለን። ከዚያስ? ባዶ። ሌላ ደንበኛ የለንም።

የድሮ አለቃዬ ደግሞ ደወለ። የቢሮ ጽዳት ቦታዬን እስከ ሰኞ ብቻ ይጠብቅልኛል። እኔ ግን የሆቴል አስተናጋጆች ኮት መስፋት ነው የምፈልገው! ጽዳቱን የተውኩትም ለዚሁ ነው።

እዚሁ ሆላንድ የሚሠሩት ያገሬ ሰው ጋሽ ታደሰ ደረሱልኝ። ዴን ሃግ ከተማ፣ መ/ቤታቸው አጠገብ፣ ሐሙስ «ቦረል» አለ። ነጋዴዎች ከሥራ በኋላ ብርጭቆ ይዘው ቆመው የሚተዋወቁበት ነው። ነይ አሉኝ። እኔ? በሰው ፊት ቆሜ ራሴን ላሞግስ? መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ! ጽጌ ግን ሳትነግረኝ ስሜንና ስልክ ቁጥሬን በካርድ አሳትማ መጣች። እንግዲህ ልሄድ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 27፣ ባቡር ውስጥ

ደብተሬ፣ ጉዴን ስሚ! ባቡሩ ይንገጫገጫል፣ ጽሕፈቴን ታገሺው።

መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ጋሽ ታደሰ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ስሜን ተናገርኩ። የምሰፋውን ተናገርኩ። መሬትም አልተከፈተችም! ሆግቭሊት ከሚባል ሰፈር የመጣች አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ካርዴን ወሰደች። አንዱ የአምስተልቨን ከተማ ሰውዬ ደግሞ የራሱን ሰጠኝ። አምስተኛው ሰው ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ብሏል። ወደድኩት እኮ!

ከዚያ አቶ ሄንክ። የትልቅ ሆቴል ኃላፊ፣ ረጅም፣ ሳቂታ። የለበስኩትን ኮት እጅጌ ገልብጦ ስፌቱን አየ። ማን ሰፋው አለ። እኔ! ሰኞ መጥቼ ሥራሽን ልይ ብሎ የቀጠሮ ደብተሩን አወጣ። እኔም በጨዋ ደንብ፣ አይ፣ ስኪዳም ድረስ አይቸገሩ አልኩት። «በሞቴ» እስኪለኝ ጠበቅኩ።

እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ደብተሩን ኪሱ ከተተ። መልካም ምሽት ብሎኝ አይብ ወደተደረደረበት ጠረጴዛ ሄደ።

ይመለሳል ብዬ እዚያው ቦታ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። የሰጠኝ ካርድ ግን እጄ ላይ አለ፤ የኔም እሱ ጋ ነው። ይደውላል። ይደውላል አይደል?

ዓርብ፣ የካቲት 28፣ ከሰዓት

ስልኩ ዝም።

ለጽጌ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። እርስዎ እንደገና ያናግሩልኝ ብል ተቆጡ። «እምቢ ያልሽው አንቺ! እኔ ምን ብዬ ልለምነው?» እዚህ አገር አይ ያለን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው አሉ፤ ሰውየው አልናቀሽም፣ ቃልሽን ነው ያከበረው።

አፈርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ኖሬ! የስንቱን ጎረቤት ሻይ አይ ብዬ ሳልጠጣ ወጣሁ፤ ወጥቼም ስስታሞች እያልኩ አማኋቸው። ይቅር በሉኝ፣ ጎረቤቶቼ።

ሰኞ ድረስ ሦስት ቀን። ጽዳቱ ወይስ ስፌቱ?

ሰኞ፣ መጋቢት 1፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ጾም ገባ። ለአቶ ሄንክ ደወልኩለት! ጽጌ ጎኔን እየጎሰመች። አይ ያልኩት ደግመው እንዲጠይቁኝ ብዬ ነው፣ ይምጡልኝ አልኩት። እንዴት ሳቀ መሰለሽ! የዛሬው ቀን ተይዞበታል፤ ሐሙስ አንድ ኮት ሰፍቼ ሆቴሉ ድረስ እንድወስድ ነገረኝ። ትዕዛዝ እሰጥሻለሁ አላለም። አየዋለሁ ብቻ። ስመጣ ሻይ እጠጣ እንደሆነም ጠየቀ። እጠጣለሁ፣ ሁለት ስኳር አልኩት። ወዲያው!

5 ሰዓት

አለቃዬ ደወለ። የመጨረሻው ቀን ነው፣ ሌላ ሰው ከመቅጠሬ በፊት ትመለሻለሽ ወይ አለ። ጽጌ ካውያዋን አስቀምጣ አፌን አፌን ታያለች። ማሽኑ ላይ ያለውን፣ ቅዳሜ የጀመርኩትን ኮት አየሁት። አንድ እጅጌ ይቀረዋል።

አይ አልኩት።

ሁለተኛ አልጠየቀኝም።