የተተረተረው ሹራቤ

ደሴ፣ ሆጤ፤ ኅዳር 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

ልጄ ዘሃራ ሹራቤን ተረተረችው። አንገቱ ብቻ ቀርቶት ነበር።

በአረፋ ከኮምቦልቻ መጥታ፣ «የደሴ ብርድ ይገድልዎታል፤ ከእኛ ጋር ቆላ ይውረዱ» ብላ ስትነዘንዘኝ፣ ሹራብ በእጄ ሠርቼ ኅዳር ሳይወጣ ካልለበስሁ እወርዳለሁ ብዬ ቃል ሰጠኋት። ሹራብ ሠርቼ አላውቅም ነበር። የጃንጥላ ሽቦ አሹዬ መርፌ አደረግሁ፤ አሮጌ ሹራብ እየፈታሁ አሠራሩን ተማርሁ። ጎረቤት ሳቀብኝ። ጀርባውን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት።

ዛሬ የቀበሌ ስብሰባ ውዬ ስመለስ፣ ልትጠይቀኝ የመጣችው ዘሃራ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ክሩን ጠቅልላ ጨርሳለች።

«አባዬ፣ አንዱ እጅጌ ለእርስዎ፣ ሌላው ለሕፃን ነበር እኮ! ይህን ለብሰው ሲወጡ ሰው ምን ይለኛል?»

«ማን ለመነሽ?»

«ወላሂ አዝኜልዎት ነው። እኔ አሳምሬ እሠራልዎታለሁ።»

«አንቺ ከሠራሽው የእኔ ሥራ ነው?»

የጠቀለለችውን ክር አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ቃሌን ያኔ ያስታወሰች መሰለኝ፤ ወይም ቀድሞም አልረሳችውም። አልጠየቅኋትም። በመጨረሻው አውቶቡስ ወደ ቤቷ ወረደች።

የተተረተረ ክር ይጠማዘዛል፤ ታጥቦ፣ ድንጋይ ታስሮበት ተሰቅሎ ካልደረቀ አይሠራም። አጥቤ ሰቀልሁት። በዚህ ብርድ መቼ እንደሚደርቅ አላህ ያውቃል። ጣቶቼ ደክመዋል፤ ዓይኔም እንደዚያው። ኅዳር ሊያልቅ ነው።

ከደረሰ ለብሼው ታየዋለች። ካልደረሰ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ዕቃዬን ይዤ እወርዳለሁ። ስለ መተርተሩ ግን ለእሷም ለሌላ ሰውም፣ እዚህ ማስታወሻዬ ላይም ቢሆን፣ ዳግመኛ አላነሣም።